ጅማ፦ ባለቤቴ ፖሊስ ነው፤ ከአሜሪካ የመጣለትን የአፍንጫ መድኃኒት ይዞ ይውጣ ወይስ ይቅርበት?

ጠያቂ፦ የሳጅን ባለቤት (ጅማ፣ ኮቺ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለዚህ ቤት። ባለቤቴ ሳጅን ነው፤ ማታ ማታ በመናኸሪያና በመርካቶ በኩል ይዞራል። ከሁለት ወር በፊት ሃያ ዓመት የሚሆነው ልጅ ሱቅ በረንዳ ላይ ተዘርሮ አገኙ። የተሰበሰበው ሰው "ጫት ቅሞ ጨብሲ አብዝቶ ነው፣ ተዉት ይተኛ" ይላል። ጓደኛው ግን ቆይቶ ቆይቶ የትራማዶል (የሕመም ማስታገሻ ክኒን) ባዶ ማሸጊያ ከኪሱ አውጥቶ አሳያቸው። በባጃጅ ጭነውት ሲሄዱ ትንፋሹ እየራቀ መጣ፤ አንዴ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። አልሐምዱሊላህ ልጁ ተረፈ። የእኔ ሰው ግን ከዚያ ወዲህ ሰላም የለውም። "እጄ ላይ ሊሞት ነበር፤ ውሃ ከማፍሰስና ክብሪት ጭሬ ከማሸተት በቀር የማውቀው ነገር የለም" ይላል።

ይህን ኮሎምበስ ኦሃዮ ላለው ወንድሜ ነገርኩት። ለኢድ ሲመጣ ናርካን የሚባል፣ አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት ሁለት ካርቶን ይዞ መጣ። "እዚያ ፖሊሱ ራሱ ይዞት ይዞራል፣ የሞተ ያስነሳል" አለን። ባለቤቴ ለአለቃው ቢያሳየው "ደግሞ መቼ ነርስ ሆንክ?" ብሎ ሳቀበት።

ጥያቄዬ፦ ለትራማዶል ይሠራል? ሰውየው ሰክሮ ብቻ ከሆነና ቢሰጠው ይጎዳዋል? ነገር ቢበላሽስ ተጠያቂው ማን ነው? የምታውቁ እባካችሁ።

ሲስተር ዘቢባ (ድንገተኛ ክፍል ነርስ)

እህቴ፣ በመጀመሪያ "የሞተ ያስነሳል" የሚለውን ለወንድምሽ መልሺለት። የሞተ አያስነሳም፤ ሊሞት ያለን ግን ይመልሳል።

ናርካን የንግድ ስሙ ነው፤ መድኃኒቱ ናሎክሶን ነው። ሞርፊን፣ ሄሮይን፣ ፌንታኒል፣ ኮዴይን፣ ትራማዶል፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ሲበዙ አንጎል "ተንፍስ" ብሎ ማዘዙን ይረሳል። ሰው የሚሞተው በዚህ ነው። ናሎክሶን እነሱ የያዙትን ቦታ ነጥቆ ይቀመጥበታል፤ በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ውስጥ ትንፋሽ መመለስ ይጀምራል። ከዚህ ቤተሰብ ውጭ ላለ ነገር ግን ዋጋ የለውም። ለአረቄ፣ ለጫት፣ ለዲያዜፓም (የማረጋጊያ ክኒን)፣ ለስኳር መውረድ አይሠራም። ሰካራም ላይ ቢረጭ በአብዛኛው አይጎዳውም፣ አይጠቅመውምም። ስለዚህ ሰውየው ካልነቃና ትንፋሹ እየጠፋ ከሆነ፣ ስካር ይሁን ክኒን ሳይለዩ ቢሰጡት ይሻላል።

ትራማዶል ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ትራማዶል ሁለት ፊት ነው፤ ናሎክሶን የሚያነሳው አንዱን ብቻ ነው። ትራማዶል አብዝቶ የወሰደ ሰው እንደሚጥል በሽታ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል፤ ናሎክሶን ደግሞ ያንን ማንቀጥቀጥ ሊያባብስ ይችላል። እኔ የምለው፦ ትንፋሹ ደህና ከሆነ፣ ሲጠሩት ካጉረመረመ፣ አትርጩበት፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ትንፋሹ ከሄደ ግን ስለ ማንቀጥቀጡ የምታስቡበት ጊዜ አይደለም፤ ስጡ።

እንዴት ይለያል? ስሙን ጮክ ብሎ መጥራት፣ ደረቱ መሃል ያለውን አጥንት በጡጫ አንጓ አጥብቆ ማሸት። በዚህም ካልነቃ ትንፋሹን መቁጠር፤ በደቂቃ 10 የማይሞላ ከሆነ አደጋ ነው። ባለቤትሽ የሰማው ያ ማንኮራፋት እንቅልፍ አልነበረም፣ ጉሮሮው እየተዘጋ ነው። ከንፈርና ጥፍርም ይታይ። በእኛ ቆዳ "ሰማያዊ ይሆናል" የሚሉት ነገር እንደ ፈረንጅ አይታይም፤ የከንፈሩን ውስጥ ገልብጦ ማየት ነው፣ አመድ መስሎ ታገኙታላችሁ። የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ይጠባል ይባላል፤ ትራማዶል ላይ ግን ሁልጊዜ ስለማይጠብ እሱን አትጠብቁ።

ክብሪቱንና ውሃውን ተዉት። ወተትም አታጠጡ! ያልነቃ ሰው አፍ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው።

የጅሬን ባጃጅ

እኔ እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ጊዜ ጭኛለሁ፣ አንዱ ሲደርስ የለም። ስህተታችን ምን እንደነበር በኋላ አንድ ሐኪም ነገረኝ። ባጃጅ ጠባብ ስለሆነ ሰውየውን መሃል እናስቀምጠዋለን፣ አንገቱ ደረቱ ላይ ይወድቃል፣ ጉሮሮው ይታጠፋል። ከኋላ አንድ ሰው ብቻ ይቀመጥ፤ በሽተኛውን በጎኑ አድርጎ ራሱን ጭኑ ላይ ያስደግፍ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ይያዝ። ሦስት አራት ሆኖ መጫን ለማዘን ነው እንጂ ለበሽተኛው አይጠቅምም።

ጂጂ ከሚኒሶታ

እኔ እዚህ አምቡላንስ ላይ ነው የምሠራው፣ ትውልዴ ጅማ ፈረንጅ አራዳ። ለባለቤትሽ አለቃ ይህን ንገሪልኝ፦ ፖሊስ ይህን የያዘው ነርስ ስለሆነ አይደለም፣ ቀድሞ ስለሚደርስ ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ኩዊንሲ የምትባል ከተማ አለች፤ በፈረንጆቹ 2010 የከተማዋ ፖሊስ በየፓትሮል መኪናው ናሎክሶን እንዲኖር አደረገ። ከዚያ በኋላ በየግዛቱ ተከተሉ። ስኮትላንድ ደግሞ በ2021 ሞክራ በ2022 መንገድ ላይ የሚሠራ ፖሊስ ሁሉ እንዲይዝ ወሰነች። አምቡላንስ በ8 ደቂቃ ቢደርስ እንኳ፣ ትንፋሽ የሌለው አንጎል 8 ደቂቃ አይጠብቅም። ጅማ ላይ ደግሞ አምቡላንስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አንቺ ትነግሪኛለሽ።

አሰጣጡ፦ በጀርባው አስተኝቶ፣ አንገቱን በእጅ ደግፎ ራሱን ወደ ኋላ ማዘንበል፤ ጫፉን አፍንጫው ቀዳዳ ውስጥ ጣት አፍንጫ እስኪነካ ማስገባት፤ ከሥር ያለውን በአውራ ጣት እስከ መጨረሻው መጫን። "ይሠራል ወይ" ብላችሁ በአየር ላይ እንዳትሞክሩት! አንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚረጨው፤ ሞከራችሁ ማለት ጨረሳችሁ ማለት ነው። በ3 ደቂቃ ውስጥ ለውጥ ከሌለ ሁለተኛውን በሌላኛው ቀዳዳ። እስከዚያ እጅ አጣጥፎ መቆም የለም፤ አፍንጫውን ይዞ በየ5 ሴኮንዱ አንድ ትንፋሽ በአፉ መስጠት ነው። አዲስ ፖሊሶች ስናሠለጥን የሚረሱት ይህንኑ ነው፤ ረጭተው ሰዓት ያያሉ።

ሲነቃ ደግሞ ምስጋና አትጠብቁ። መድኃኒቱ ሱሱን በአንዴ ስለሚነጥቀው ያስመልሰዋል፣ ያላበዋል፣ ይሳደባል፣ አንዳንዱ ይማታል። ፖሊስ ያኔ ካቴና ያወጣል። አታውጡ፤ ትንሽ ራቅ ብላችሁ "ወንድሜ፣ ትንፋሽህ ቆሞ ነበር" በሉት።

ጉርሜሳ

እኔ በዚህ ነገር አልስማማም፣ ይቅርታ። ፖሊሳችን ጓንት እንኳ ሳይኖረው ነው እናንተ የአሜሪካ መድኃኒት የምታሸክሙት? ደግሞ ቪዲዮ አይቻለሁ፣ ፖሊሱ የፌንታኒል ዱቄት በእጁ ስለነካ ብቻ ዘፍ አለ። በዚያ ላይ በእኛ ገጠር ሰው ራሱን የሚያጠፋው በፀረ ተባይ ነው፣ በማላታይን ነው። ለእሱ ምን ተባለ?

ሲስተር ዘቢባ

ጉርሜሳ፣ ስለ ማላታይን ያልከው ልክ ነው፣ ፖሊስም ማወቅ ያለበት ነው። የማላታይን በሽተኛ ሽታው ራሱ ይነግርሃል፤ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ደረቱ ይንኮሻኮሻል። የዓይኑ ብሌንም ይጠባልና በዚያ አትታለሉ። ናሎክሶን ምንም አያደርግለትም፤ የሚያስፈልገው አትሮፒን ነው፣ እሱም ሆስፒታል ነው ያለው። እዚያ ላይ አፍ ለአፍ መተንፈስ አይደረግም፣ መርዙ ወደ ረጂው ይተላለፋል። የረጠበ ልብሱን በላስቲክ ይዛችሁ አውልቁና ሩጡ።

ዱቄት ነክቶ ስለወደቀው ፖሊስ፦ የአሜሪካ የመርዝ ሕክምና ባለሙያዎች በ2017 ጉዳዩን መርምረው፣ በድንገት ቆዳን በመንካት ብቻ ሰው የመመረዝ ዕድሉ እጅግ ጠባብ እንደሆነ ጽፈዋል። ፍርሃትም ይጥላል፣ ልብ ይመታል፣ እጅ ይደነዝዛል። ለማንኛውም ጅማ ላይ የምናየው ክኒን እንጂ ዱቄት አይደለም።

ፋርማሲስቱ

ናሎክሶን አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1961 ተሠራ፣ በ1971 አሜሪካ ፈቀደችው፣ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ። በእኛ ሆስፒታሎች የሚታወቀው ባለ 0.4 ሚሊግራም የመርፌ አምፑል ነው። አፍንጫው ላይ የሚረጨው 4 ሚሊግራም ሲሆን አሜሪካ ያለ ሐኪም ወረቀት እንዲሸጥ በ2023 ስለፈቀደች ነው ወንድምሽ ከመደርደሪያ ያነሳው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የፓትሮል ፒክአፕ ዳሽቦርድ ውስጥ ተከቶ ፀሐይ ላይ አይዋል። ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ፤ የጅማ አየር ራሱ ለዚህ ይመቻል፣ የመኪናው ብረት ግን አይመችም። ፍሪዘር ውስጥም አይግባ። ኪስ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ እዚህ ላይ ጮክ ልበል፦ ሰውየው ነቅቶ "ደህና ነኝ፣ ልቀቁኝ" ቢል እንዳትለቁት። ናሎክሶን የሚቆየው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው፤ ትራማዶል ደግሞ ሰውነት ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል። መድኃኒቱ ሲያልቅ ያ ክኒን ተመልሶ ይይዘዋል፣ ያኔ ቤቱ ብቻውን ተኝቶ ይሆናል። ወደ ጅማ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል፣ ካልሆነም ቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ። ባዶውን የክኒን ማሸጊያም ያገለገለውንም ናርካን ይዛችሁ ሂዱ፣ በስንት ሰዓት እንደተሰጠ በእስክሪብቶ መዳፍ ላይ ጻፉ።

ጡረተኛው ኢንስፔክተር

ልጄ፣ የተጠያቂነቱን እኔ ልመልስልሽ፣ 27 ዓመት ዩኒፎርም ለብሻለሁ። የወንጀል ሕጋችን፣ የ1996ቱ፣ በሞት አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ ጥሎ የሄደን ይጠይቃል። ስለዚህ ዝም ብሎ መቆሙም ተጠያቂነት የሌለው አድርገሽ አትይው። መድኃኒቱን ግን ባለቤትሽ በግሉ ኪሱ ሸጉጦ አይዙር። ነገ አንድ ሰው በሌላ ምክንያት ቢሞት "ፖሊስ አፍንጫው ውስጥ የሆነ ነገር ረጨበት" ይባላል፣ አንቺም እኔም የጅማን ወሬ እናውቀዋለን። አጭር ደብዳቤ ይጻፍ፦ መድኃኒቱ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ የጤና ባለሙያ እንዲያሠለጥነው። ለአዛዡ አንድ ቅጂ፣ ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት አንድ ቅጂ። በጽሑፍ የቀረበ ነገር ላይ አለቃ አይስቅም። የሰጠ ቀን ደግሞ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ምስክሩን በዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ ያስፍር።

ሌላው፣ ከሁሉ የገረመኝ፣ የልጁ ጓደኛ ማሸጊያውን ማውጣቱ ነው። በእኔ ጊዜ ፖሊስ ሲመጣ ጓደኛ እግሬ አውጪኝ ነበር። ባለቤትሽ መጀመሪያ "ማን ሸጠላችሁ?" ብሎ አፋጥጦ ቢሆን ኖሮ ያ ወረቀት አይወጣም ነበር፣ እናንተም ሰካራም ነው ብላችሁ ታልፉት ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን ወሰደ?" ነው። የሻጩ ነገር ነገ ይደርሳል።

የሳጅን ባለቤት

አላህ ይስጣችሁ፣ ሁሉንም አነበብኩለት። ትላንት ማታ ልጃችንን ምንጣፍ ላይ አጋድሞ አገጭ ቀና ማድረግ ሲለማመድ አመሸ፤ ልጁ በሳቅ ሊሞት ነበር። ደብዳቤውን ጽፏል፣ ሰኞ ያስገባል። ጤና ጽሕፈት ቤት የምታውቀው ሲስተር አለች፣ ለሱም ለሌሎቹም ጓደኞቹ አንድ ከሰዓት በኋላ ታስተምራቸዋለች ተብሏል። እስከዚያ ካርቶኑ ቁምሳጥን ውስጥ ነው። አለቃው አሁንም "ዶክተር" እያለ ይጠራዋል፣ ግን ትላንት "እስቲ አሳየኝ" ብሎ አገላብጦ አይቶታል።

ጉርሜሳ፣ የጓንቱ ነገር እውነት ነው፤ ሁለት ፓኬት ከፋርማሲ እኔው ገዝቼለታለሁ።

ፋርማሲስቱ

ካርቶኑ ላይ የማብቂያ ቀኑን አይታችኋል?

የሳጅን ባለቤት

አዎ፣ 03/2027 ይላል። ገና ዘጠኝ ዓመት አለው ብለን ደስ ብሎናል።

ፋርማሲስቱ

እህቴ፣ ያ በፈረንጆቹ ነው! በእኛ 2019 መጋቢት አካባቢ ማለት ነው። አሁኑኑ በወፍራም እስክሪብቶ በእኛ አቆጣጠር ካርቶኑ ላይ ጻፉበት፣ ለሳጅኑም ንገሪው።

የሳጅን ባለቤት

ያ አላህ! እሺ፣ ማርከር እየፈለግኩ ነው።