ቀለሄ አቼቶ ውስጥ አድሮ ሮዝ ሆነብኝ፣ ይጣላል ወይስ ይድናል?

ጀማሪ ተኳሽ፦
ሰላም ወገን፣ ሪሎዲንግ (የተተኮሰ ቀለህ መልሶ መሙላት) ከጀመርኩ ገና ሦስት ወሬ ነው፣ መሙያው ፕሬስም ቅርፅ ማስያዣው ዳይም አለኝ፣ ቀለህ ማፅጃ ማሽኑ ተምብለር ግን የለኝም። የተኮስኳቸው 200 የሚሆኑ የ308 ጠመንጃ ቀለሆች ጥላሸት በጥላሸት ሆነው ስላስጠሉኝ አቼቶና ጨው በሞቀ ውሃ በጥብጬ ዘፈዘፍኳቸው፣ አስር ደቂቃ ብዬ ነበር ግን የሥራ ስልክ መጣና ረሳኋቸው፣ ጠዋት ሳያቸው ግማሾቹ እንደ መዳብ ሮዝ ሆነው ጠበቁኝ። በጨርቅ ብፈትጋቸውም አይለቅም። ጥያቄዬ ሁለት ነው፣ አንደኛ እነዚህ ተሞልተው ቢተኮሱ ችግር አለው ወይ? ሁለተኛ ከአሁን በኋላ በምን ላፅዳ? ከፋብሪካ እንደወጣ ቢጫ ሆኖ እንዲያብረቀርቅ ነው የምፈልገው። ቤት የናስ ዕቃ የምንወለውልበት ፈሳሽ አለ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ እሱስ ይሆናል?

ባለ ፕሬስ፦
ወንድሜ መጀመሪያ ያንን የሚሰነፍጥ ፈሳሽ መልሰህ መደርደሪያው ላይ አስቀምጠው። የሚሰነፍጥህ አሞኒያ ይመስለኛል፣ አሞኒያና ቀለህ ደግሞ በጭራሽ አይገናኙም። ቀለህ ሲሠራ ናሱ ተስቦ ተስቦ ነው ቅርፁን የሚይዘው፣ ስለዚህ ውስጡ የታመቀ ውጥረት አለ፣ አሞኒያ ሲነካው በዚያ ውጥረት መስመር ገብቶ ይሰነጥቀዋል። የእንግሊዝ ጦር ህንድ እያለ በዝናብ ወራት ያልተተኮሱ ጥይቶች እንደተቀመጡ አንገታቸው ላይ ይሰነጠቁ ነበር፣ ምክንያቱ ከፈረስ ሽንት የሚወጣ አሞኒያ መሆኑ በ1921 ነው የተብራራው። የዕቃ መወልወያህ ለበር እጀታ ይሁን፣ እጀታ ባሩድ አይነድበትም።

ወደ ሮዙ ስንመጣ የቀለህ ናስ 70 በመቶ መዳብ 30 በመቶ ዚንክ ነው፣ አሲዱ ከላይኛው ቆዳ ላይ ዚንኩን በልቶ መዳቡን አስቀረልህ ማለት ነው። አስር ወይ አስራ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ትንሽ ቢቀላ ላይ ላዩን ስለሆነ ብዙ አያሳስብም፣ ያንተ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያውም ከጨው ጋር ነው የተቀመጠው፣ ምን ያህል ጥልቀት እንደገባ በዓይን አታውቀውም። 308 ሲተኮስ ከ4000 ባር በላይ ሊደርስ የሚችል ግፊት ያነሳል፣ ያንን ግፊት ከፊትህ የሚያግድልህ ደግሞ ይሄው ቀለህ ነው። ስለዚህ ሮዝ የሆኑትን እኔ ብሆን አፋቸውን በፒንሳ ጨፍልቄ እጥላቸዋለሁ፣ መጨፍለቁ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይሞላቸው ነው።

ለወደፊቱ ተምብለር እስክታገኝ ሲትሪክ አሲድ ተጠቀም። ፕራይመሩን (ቂጡ ላይ ያለችውን ባሩድ አቀጣጣይ) ቀድመህ አውጣ፣ አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድና ጠብ ያለች የዕቃ ሳሙና፣ ፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ እየነቀነቅክ አስር ደቂቃ፣ ከዛ ውሃው ጥርት እስኪል ለቅልቀው። ሰዓት ሙላ እባክህ፣ ስልክም ቢመጣ እሱ ይጠብቅ።

ቆረቆንዳ፦
እኔ ደረቁን ተምብለር ነው ለዓመታት የምጠቀመው፣ የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይ የዋልነት ቅርፊት ትጨምራለህ ሁለት ሦስት ሰዓት ይንቀጠቀጣል በቃ። ዋልነቱ ቆሻሻ ይበላል ቆረቆንዳው ያብረቀርቃል። ግን አንድ ነገር ሰው የማይናገረው አለ፣ ብናኙ። አብዛኛው ፕራይመር ውስጥ የእርሳስ ውህድ አለ፣ ሲተኮስ ቀለሁ ውስጥ ይቀራል፣ ተምብለሩ ደግሞ እሱን አራግፎ አቧራ ያደርገዋል። ስለዚህ ክዳኑን ቤት ውስጥ አትክፈት፣ በወንፊት የምትለየውም ደጅ፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍነህ፣ ሕፃን በሌለበት። ያ ወንፊት ወደ ኩሽና አይመለስም። ስትጨርስ ምንም ነገር ከመብላትህ በፊት እጅህን ታጠብ። ቁራጭ እርጥብ ጨርቅ አብረህ ብትጨምር አቧራውን ይይዝልሃል፣ ሲወጣ ጥቁር ሆኖ ነው የሚወጣው፣ እሱን ስታይ ሳንባህ ውስጥ ሊገባ የነበረውን ታውቃለህ።

ሌላው ደግሞ ቂጡ ላይ ከፕራይመሩ ወደ ባሩዱ እሳት የምታሳልፈዋን ቀዳዳ እያት፣ ፍሬ ቆረቆንዳ ትሰነቀርባታለች፣ በቀጭን ሽቦ እየወጋህ አውጣ።

ውሃና ፒን፦
እኔ ደረቁን ትቼ ወደ ስታይንለስ ፒን (ተምብለር ውስጥ ከቀለሁና ከውሃ ጋር የሚዞሩ የማይዝግ ብረት መርፌዎች) ዞሬያለሁ፣ በዚህ ጉዳይ ክርክር ውስጥ አልገባም ግን ውስጡን፣ የፕራይመሩን ጉድጓድ ሳይቀር፣ እንደዚህ አጥርቶ የሚያፀዳ ሌላ አላየሁም። ሥራው በውሃ ስለሆነ አቧራ የለም፣ ጥቁሩ ውሃ ግን ያው እርሳስ አለበት፣ የምግብ ዕቃ የሚታጠብበት ሲንክ ላይ አትድፋው። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፒኖቹ ከ1 ሚሊሜትር ትንሽ የሚወፍሩ ናቸው፣ አንዳንዴ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ቀዳዳዋ ላይ ይወተፋሉ ወይ አንገቱ ውስጥ ተጋድመው ይቀራሉ፣ ስለዚህ እያንዳንዱን ቀለህ ወደ መብራት አዙሬ በአፉ በኩል አያለሁ፣ ብርሃኑ በቀዳዳዋ ካላለፈ ወደ ጎን። 300 ቀለህ ቢሆንም አንድ በአንድ ነው። ሁለተኛው ማድረቅ፣ ፎጣ ላይ አንከባልለህ ፀሐይ ላይ አስጣው፣ ኦቨን ካልክ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተለየ ይሁን፣ ከ100 ዲግሪ በታች አድርገው፣ ሙቀት ሲበዛ የቀለሁ ቂጥ ይለሰልሳል፣ ለስላሳ ቂጥ ደግሞ ግፊት አይችልም። በውስጡ ጠብታ ውሃ ከቀረ ባሩድህ ተበላሸ።

እና በጣም የጠራ አንገት አረሩን አጥብቆ ይይዛል፣ ጥላሸቱ ትንሽ ማለስለሻ ነበር። እኔ አፉን ማለስለሻ የግራፋይት ዱቄት ውስጥ ነከር አደርገዋለሁ።

ባለ ፕሬስ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ወንድማችን ማብረቅረቁ ላይ ልቡን ስለጣለ። የጠቆረ ግን ንፁህ ቀለህ ልክ እንደሚያብረቀርቀው ነው የሚተኩሰው። የምናፀዳው አሸዋና ጥላሸቱ ዳይህን እንዳይፍቀው፣ ፕራይመሩም ጉድጓዱ ውስጥ እኩል እንዲቀመጥ ነው፣ ከዛ በላይ ደግሞ ስንጥቅ እንዲታየን። ከቂጡ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያብረቀርቅ ቀለበት ካየህ ተጠንቀቅ፣ እዛ ጋ ግድግዳው እየሳሳ ነው፣ አንድ ቀን ለሁለት ይበጠሳል። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ጫፉን አጥፈህ ውስጡን ከታች ወደ ላይ ፈትሸው፣ ጎድጓዳ መስመር ላይ ከተደናቀፈ ቀለሁ አብቅቶለታል።

ጀማሪ ተኳሽ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሮዞቹን 90 ገደማ ጨፍልቄ ጥያቸዋለሁ። የተረፉትን ሰዓት ሞልቼ በሲትሪክ አጠብኳቸው፣ ቢጫ ናቸው እንጂ አያብረቀርቁም፣ አሁን ግድ አልሰጠኝም። ከዛ ሽቦውን አጥፌ አንድ በአንድ ፈተሽኩ፣ መቶ የሚሆኑት ልሙጥ ናቸው፣ ሦስቱ ላይ ግን ጣቴ ቀጭ ሲል ተሰማኝ፣ ሁሌ ለልምምድ ደጋግሜ የምሞላቸው ናቸው። አንዱን በብረት መጋዝ ቁመቱን ሰነጠቅኩት፣ ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ ግድግዳው ጥፍር የጫረው ይመስል ዙሪያውን ጎድጉዷል፣ የቀረው ውፍረት ወረቀት ነው። በውጭ በኩል ያቺ ቀለበት እንኳን ገና አልታየችም ነበር።