የዩክሬን አርቲስቶች ጦርነት ውስጥ ሆነው ምን ይሰራሉ?

ሰላም ቤተሰብ፣ ፒያሳ ዲዛይን እየተማርኩ ነው፣ በነሱ ላይ ፕረዘንቴሽን አለብኝ፣ ፖስተር ብቻ ነው እንዴ የሚሰሩት?

መልስ 1፦ ኧረ አይደለም እህቴ! የዩክሬኗን አርቲስት ዣና ካዲሮቫን እያት፣ በፈረንጆቹ 2022 ከኪየቭ ሸሽታ ገጠር ገባችና የወንዝ ድንጋይ ልክ እንደ ዳቦ ቆራርጣ ጠረጴዛ ላይ ደረደረችው፣ የስራው ስም ፓልያኒትስያ ነው፣ በዩክሬንኛ ክብ ዳቦ ማለት ነው፣ ቃሉ ከሩሲያ ለመጣ ሰው አፉ ላይ ስለማይገባለት ወዳጅና ጠላት መለያ ሆኗል። ፎቶውን ሳየው ቁራሹን አንስቼ ልበላው ነበር የመሰለኝ።

መልስ 2፦ ድሮ ያረፈችውን ሰዓሊ ማሪያ ፕሪማቼንኮንም እንዳትረሺ፣ ጦርነቱ እንደጀመረ ኢቫንኪቭ የሚባል ከተማ ያለው ሙዚየም ሲቃጠል የሰፈሩ ሰው ገብቶ ስዕሎቿን አወጣ፣ እኔ ይሄን ሳነብ እንባዬ መጣ። ቪሺቫንካ የሚሉት ጥልፍ ሸሚዝም አለ፣ ለነሱ እንደኛ ሀበሻ ቀሚስ ነው።

ጠያቂዋ፦ ተባረኩልኝ፣ በድንጋይ ዳቦው እጀምራለሁ።