ፊውዝ ደጋግሞ የሚያቃጥል የ1968 ቮልስ፦ ኮንታክቱን (የተላጠ ሽቦ ቦዲ የነካበትን ቦታ) ፍለጋ ከየት ልጀምር?

ባለቮልሱ
ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የወረስኩት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1968 ሥሪት የሆነ ባለ 12 ቮልት ቮልስ አለኝ። ላለፉት ሦስት ሳምንታት የማታ መብራት ሳበራ የኋላ መብራቱ ፊውዝ፣ ማለትም ነጩ ባለ 8 አምፔሩ፣ ይቃጠላል። ሁልጊዜ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ነገር ግን ሁለትና ሦስት ምሽት በሰላም ከሠራ በኋላ ኮብልስቶን ላይ ስገባ፣ አንዳንዴም ዘይት አይቼ የኋላውን ኮፈን በዘጋሁበት ዕለት ድርግም ይላል። ጋራዥ ወስጄው ነበር። ባለሙያው የተቃጠለውን ፊውዝ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ «ከእንግዲህ አይቃጠልም» ብሎ መለሰልኝ። እውነትም አልተቃጠለም፤ ነገር ግን በዚያው ምሽት ከዳሽቦርዱ ሥር የፕላስቲክ ጠረን ስለሸተተኝ መብራቱን አጥፍቼ ወረቀቱን አወጣሁት። የሽቦ መስመሩን በሙሉ ላስቀይር ወይስ ቦታውን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል?

ካቻቢቴ
ወንድሜ፣ ወረቀቱን ማውጣትዎ መኪናዎን አድኖታል። ፊውዙ ካልተቃጠለ የሚቃጠለው ሽቦው ነውና፣ እንዲህ ያለውን «ጥገና» የሚሠራ ሰው ዳግም መኪናዎን ባይነካው እመርጣለሁ።

አሁን አዲስ ፊውዝ አይግዙ። የፍሬቻ አምፖል፣ ባለ 21 ዋቱን፣ ወስደው ሁለት ሽቦ ያስሩበትና በተቃጠለው ፊውዝ ቦታ ያገናኙት፤ መፈተሻዎ ይህ ነው። ከዚያ በፊት ግን በዚያ ፊውዝ የሚሠሩትን አምፖሎች በሙሉ፣ የኋላውንም የፊቱንም የታርጋውንም፣ ከየቦታቸው ያውጡ። ይህን የሚዘልሉ ሰዎች ናቸው ቀኑን ሙሉ ሲደክሙ የሚውሉት፤ ምክንያቱም ያልወጣ አምፖል ራሱ ኤሌክትሪኩን ወደ ቦዲ ስለሚያሳልፍ መፈተሻዎ ደብዘዝ ብሎ እየበራ ያታልልዎታል። አምፖሎቹ ወጥተው መብራቱን ሲከፍቱ መፈተሻው ቦግ ካለ፣ የተላጠ ሽቦ ቦዲውን ነክቷል ማለት ነው። በመፈተሻው አምፖል ውስጥ የሚያልፈው 2 አምፔር እንኳ ስለማይሞላ ሽቦው አይግልም፤ ስለዚህ ሳይቸኩሉ መፈለግ ይችላሉ። ካልበራ ደግሞ አንድ ሰው መፈተሻውን እያየ እርስዎ ሽቦውን እየተከተሉ ያነቃንቁት።

ኮፈኑን በዘጉበት ዕለት እንደሚጠፋ የጻፉትን ግን ደግመው ያንብቡት። የታርጋው መብራት ያለው እዚያው ኮፈን ላይ ነው፤ ሽቦውም በማጠፊያው በኩል ስለሚያልፍ ኮፈኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋል። እኔ የምጀምረው ከዚያ ነው።

የድሮ መኪና ወዳጅ
ከላይ የተጻፈውን አከብራለሁ፤ ይሁንና ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሽቦ አንዱ ቦታ ሲጠገን በሌላው ይከፈታልና፣ ጠያቂው አቅሙ ካላቸው መስመሩን በሙሉ ቢቀይሩ ይሻላል።

ካቻቢቴ
ሽፋኑ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ እስማማለሁ። ነገር ግን ጥፋቱ ያለበት ሳይታወቅ የሚቀየር መስመር በዚያው ስለታም ጠርዝ ላይ ተመልሶ ይዘረጋል፤ በዓመቱም እዚሁ ጥያቄ ላይ እንገናኛለን።

ቴስተር ያለው
አንድ ነገር ልጨምር። በቴስተር ኦም የሚለኩ ከሆነ አስቀድመው ባትሪውን ይፍቱ፣ አምፖሎቹንም ያውጡ። ባለ 5 ዋት አምፖል ሳይበራ ሲለካ ወደ 3 ኦም አካባቢ ስለሚያሳይ፣ እኔ በጀማሪነቴ ኮንታክት መስሎኝ ጤነኛ ሽቦ ቆርጫለሁ። ቡናማው ሽቦ ደግሞ በቮልስ ወደ ቦዲ የሚሄደው ስለሆነ፣ እርሱ ቦዲ ነክቶ ቢያገኙት አይደንግጡ።

ባለቮልሱ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ተገኘ። ቅዳሜ ጠዋት አምፖሎቹን አውጥቼ መፈተሻውን ሳስገባ አልበራም። ልጄን መፈተሻው አጠገብ አስቀምጬ የዳሽቦርዱን ሥር ብነካካ፣ የኋላ መብራቶቹን ሽቦ ብጎትት ምንም የለም። ኮፈኑን ቀስ እያልኩ ስዘጋው፣ ልክ አንድ ስንዝር ሲቀረው፣ «በራ!» ብላ ጮኸች። ከፍ ሳደርገው ጠፋ። በማጠፊያው አጠገብ ሽቦውን የሚሸፍነው የጎማ ቱቦ ደርቆ ተሰባብሯል፤ በውስጡ ያለው ሽቦ የጥፍር ያህል ርዝመት ተልጦ መዳቡ ያብለጨልጫል፣ የተነካካው የቦዲ ጠርዝ ላይም ጥቁር የቃጠሎ ነጥብ አለ። ለጊዜው በናስትሮ ጠቅልየዋለሁ። ይበቃል?

ካቻቢቴ
አይበቃም። እዚያ ያለው የሞተር ሙቀት የናስትሮውን ሙጫ ያቀልጠዋል፤ ጨርቁ ተንሸራቶ መዳቡ ዳግም ይወጣል። ከታርጋው መብራት አንሥቶ እስከ መጋጠሚያው ድረስ ያለውን ቁራጭ በጠቅላላ በአዲስ፣ ብዙ ቀጫጭን ክር ባለው ተጣጣፊ ሽቦ ይተኩት፤ አዲስ የጎማ ቱቦ ያልብሱት፤ ኮፈኑ እስከ ጥግ ሲከፈት እንዳይወጠር ትንሽ ትርፍ ይተዉለት። ጠርዙንም በሞረድ ያለስልሱት። ነጩን ፊውዝ ሶማሌ ተራ ካጡት ቀዩን ባለ 16 በምትኩ አያስገቡ፤ እስኪገኝ ድረስ ማታ ባይነዱ ይሻላል።

እግረ መንገድዎን የኋላውን ወንበር አንሥተው ባትሪውን ይመልከቱ። መሸፈኛው ከሌለ፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ የባትሪውን ጫፍ ይነካል፤ በዚያ መስመር ላይ ደግሞ የሚቃጠል ፊውዝ እንኳ የለም።