ማማው በእንሰት ማሳ ሲቆም፦ ፍጥነት ይቅደም ወይስ ባለመሬቱ?

የውይይቱ ጥያቄ፦ ሐዋሳና ሌሎች የደቡብ ከተሞች እያደጉ፣ የኤሌክትሪክ ፍላጎታቸውም እየጨመረ ነው። ወደፊት አዲስ ባለ400 ኪሎ ቮልት መስመር ሰው ተጠጋግቶ በሚኖርባቸው የወላይታና የሲዳማ ገጠሮች እንዲያልፍ ቢታቀድ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ለሥራው ፍጥነት ነው ወይስ መስመሩ ለሚያልፍበት ነዋሪ?

የመስመር መሐንዲስ፦
እኔ ለፍጥነት እቆማለሁ። የጊቤ 3 የውሃ ኃይል ማመንጫ ብቻውን 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ኃይሉም በ400 ኪሎ ቮልት እስከ ወላይታ ሶዶ ይመጣል። ከሶዶ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ እስከሚያበቃበት ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን፣ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም የሚችለውን መስመርም ዘርግተናል። ታዲያ ለራሳችን ከተሞች ሲሆን ለምን እንዘገያለን? ቮልቴጁ ከፍ ያለው ለታይታ አይደለም። ያንኑ ኃይል በተመሳሳይ ሽቦ በ132 ኪሎ ቮልት ብናሳልፈው ከረንቱ፣ ማለትም በሽቦው የሚፈሰው የኤሌክትሪክ መጠን፣ ሦስት እጥፍ፣ በሙቀት የሚባክነው ደግሞ ዘጠኝ እጥፍ ያህል ይሆናል። መስመር የሚያዘገየው የብረትና የሽቦ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ወሰን ማስከበርም ነው። አንድ ማማ የሚተከልበት ቦታ ካልተለቀቀ ግራና ቀኙ ቢያልቅም ሽቦ አይወጠርም። መስመሩ የሚያልፍበት መንደርም መብራት ያግኝ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከ400 ኪሎ ቮልት በቀጥታ ለቀበሌ መቀጠል አይቻልም። ቮልቴጁን የሚያወርድ ማከፋፈያ ጣቢያ ይፈልጋል፣ ዋጋውም ከባድ ነው።

መምህር ከሶዶ ዙሪያ፦
ወንድሜ፣ የከረንቱ ስሌት ትክክል ነው፤ ሐዋሳ ኃይል አያስፈልጋትም የሚል ሰውም እዚህ የለም። የማልቀበለው ገበሬውን የሥራ እንቅፋት አድርገህ መቁጠርህን ነው።

የወላይታን መሬት ታውቀዋለህ። ብዙው ቤተሰብ ከግማሽ ሄክታር ባነሰ ይዞታ ነው የሚኖረው፤ በእሷ ላይ እንሰት፣ ቡና፣ አቮካዶ፣ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ። ማማው የሚቆምበት ቦታ ይለካል፣ ካሳም ይሰላለታል። ከሽቦው ሥር ያለው ሰፊ ንጣፍ ግን ምን ይሁን? እዚያ ላይ ቤት አይሠራም፣ ባሕር ዛፍ አይተከልም፤ የቆመውም ይቆረጣል። ልጁ ሲያገባ ጎጆ የሚቀልስበት ያ ቦታ ነበር። መሬቱ በስሙ ስለቀረ ብቻ ምንም አልተወሰደበትም ማለት ሐሰት ነው። የዛፉ ዋጋ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ክልከላው ግን መስመሩ እስካለ ድረስ ይኖራል።

የካሳው ስሌትስ? እንሰት እንደ በቆሎ በየዓመቱ አይታጨድም። ተተክሎ፣ እየተዛወረ እንደገና ተተክሎ፣ ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። «ዓመታዊ ገቢ» የሚለውን መለኪያ ይዞ የመጣ ገማች፣ ገና ያልደረሰውን ተክል ከምን ሊቆጥረው ነው? ያ ተክል የክፉ ቀን ስንቅ ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ ቤተሰቡ የሚተርፈው በእሱ ነው። ይህን የማያይ ግምት ገበሬውን ካስቆጣው ጥፋቱ የገበሬው አይደለም።

የሕግ ባለሙያ፦
ስለ ሕጉ ጥቂት ልጨምር። በቀድሞው አዋጅ 455/1997 ከመሬቱ በቋሚነት የሚነሳ አርሶ አደር የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው አሥር እጥፍ ይከፈለው ነበር። አዋጅ 1161/2011 ይህን በሦስት ዓመት ውስጥ ከተገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ አደረገው። መሻሻሉ ትልቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው ማሻሻያ ደግሞ ካሳ የመክፈሉን ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች አዙሯል። በእኔ እምነት አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ መስመሩን የሚያሰምረው አንድ አካል፣ የሚከፍለው ሌላ ሲሆን አቅጣጫውን ለማስተካከል የሚገፋፋ ነገር አይኖርም።

መምህር ከሶዶ ዙሪያ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ፣ ልለው የፈለግሁት ይህንኑ ነው። የእርሻውን ዋጋ የሚከፍል ዕቅድ አውጪ መስመሩን በገደሉ ጫፍ ወይም በመንገዱ ዳር ለማዞር ያስባል። የማይከፍል ግን ካርታ ላይ ቀጥ አድርጎ ያሰምራል፤ ቀጥታው መስመር ስለሚያጥር ለእሱ ይረክሳልና።

መብራቱን በተመለከተ «አይቻልም» የሚለውን አልቀበልም። በጋና በ161 ኪሎ ቮልት መስመሮች ላይ፣ ከማማው ጫፍ መብረቅ ለመከላከል የሚዘረጋውን ሽቦ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ማገጃ (ኢንሱሌተር) ከብረቱ ለይተው በመካከለኛ ቮልቴጅ ኃይል እየላኩበት ለመንደሮች መብራት አድርሰዋል። በላኦስም ተሠርቷል። በሌላ መንገድም ቢሆን፣ ከቅርቡ ማከፋፈያ ጣቢያ በ33 ኪሎ ቮልት የሚወጣ ቅርንጫፍ ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ስንት ሆኖ ነው የሚከብደው?

የመስመር መሐንዲስ፦
የጋናውን ዘዴ አውቀዋለሁ። የሚያደርሰው ኃይል ውስን ነው፣ ዋናው መስመር ለጥገና ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። መታቀድ ያለበትም ማማው ከመነደፉ በፊት ነው፤ በቆመ መስመር ላይ መቀጠል ውድ ነው። የ33 ኪሎ ቮልቱን ቅርንጫፍ ግን ልከራከርበት አልችልም። የማከፋፈሉ ሥራ የሌላ ተቋም በመሆኑ ብቻ ከፕሮጀክቱ ውጭ እንደሚቀር እኔም አይቻለሁ።

መምህር ከሶዶ ዙሪያ፦
እንግዲያው ጥያቄዬ ቀላል ነው። ቅርንጫፉና ትራንስፎርመሩ በዚያው ውል፣ በዚያው በጀት ይግቡ፤ ሐዋሳ ኃይሉን በምታገኝበት ዕለት የመስመሩ ቀበሌዎችም ያግኙ። ከሽቦው ሥር ላለው መሬት በየዓመቱ የሚከፈል ኪራይ ይወሰን። የመስመሩ አቅጣጫም ውሉ ከመፈረሙ በፊት በየቀበሌው ስብሰባ በካርታ ይታይ፤ ምንጩ የት እንዳለ፣ መቃብሩ የት እንዳለ የሚያውቁት አባቶችና እናቶች ጣታቸውን አኑረው «በዚህ በኩል አይሆንም» የሚሉበት ጊዜ ይኑር። የቅየሳ ባለሙያው ችካል መትከል የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ይሁን።