ትከሻዬ ላይ ያለችው ቋጠሮ አልፈታ አለችኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ እነዳለሁ። ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠመዝማዛው አያልቅም፣ ክንድ መሪ ሲያሽከረክር ይውላል። ሦስት ወር ሆነኝ፣ በቀኝ ትከሻዬና በአከርካሪዬ መሃል ሽምብራ የምታህል ቋጠሮ አለች። ስጫናት ሕመሙ እስከ ጆሮዬ ሥር ይወጣል።

ወጌሻ በቅቤ አሸኝ። ሁለት ቀን ሻል አለኝ፣ ከዚያ ባሰብኝ።

በቀደም አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋቢና ተሳፈረች። ጡንቻን የሚሸፍን ስስ ሽፋን አለ፣ እሱን ያለ ቅባት ቀስ ብለህ ተጭነህ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይበት፣ ይላላል አለችኝ። «እንዳትፈትገው!» ብላኝ ፒያሳ ወረደች። ስልኳን እንኳ አልተቀበልኩም፣ ሞኝ!

አሁን ማታ ማታ ግድግዳ ተደግፌ በቴኒስ ኳስ እሞክራለሁ። ኳሷ ትንሸራተትብኛለች፣ ልጆቼ ይስቁብኛል።

እስኪያስጮኸኝ ልጫን ወይስ ደስ የሚለው ሕመም ላይ ላቁም? በቀን ስንቴ? ሰሞኑን ደግሞ ትንሿ ጣቴ መደንዘዝ ጀምራለች። ኳሱን ትቼ ሐኪም ጋ ልሂድ እንዴ? ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ይህን በእጁ የሚሠራ ባለሙያ የምታውቁ፣ እባካችሁ ጠቁሙኝ።