ክርክር፦ የብቃት ምዘና ያላለፈ መምህር ክፍል ይግባ ወይ?

አስተባባሪ፦ ሰላም የአራት ኪሎና የፒያሳ አካባቢ ወላጆችና መምህራን። የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው፦ መምህር፣ ርዕሰ መምህርና የትምህርት ቤት አማካሪ የብቃት ምዘናውን አልፈው የሙያ ፈቃድ ሳያገኙ ሥራ ላይ ይቆዩ ወይ? በመከባበር እንነጋገር።

የፒያሳ እናት፦ እኔ አይግቡ ባይ ነኝ። አውቶቡስ ለመንዳት እንኳ መንጃ ፈቃድ ይጠየቃል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመትም አልተሻሻለም። ያ ሁሉ ልጅ ሰነፍ ነው ልትሉኝ ነው? መምህራንን አከብራለሁ፤ ምዘናውን ግን እደግፋለሁ።

መምህር ከአራት ኪሎ፦ እህቴ፣ ያነሱት ቁጥር እኛንም እንቅልፍ የነሳን ነው። ግን እንዴት እንደሰለጠንን ልንገርዎ። በ2003 ዓ.ም. የመጣው አሠራር መጀመሪያ በትምህርት ዓይነቱ ዲግሪ ያዝ፣ ከዚያ የአንድ ዓመት የማስተማር ዲፕሎማ ጨምርበት የሚል ነበር፤ ፒጂዲቲ የምንለው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ፊዚክስ የሚያውቅ ሰው ማስተማርንም ይማር ነው ነገሩ። ሆኖም አብረውኝ ከገቡት ብዙዎቹ ሌላ ሥራ አጥተው የመጡ ነበሩ። ለልምምድ የተላክንበት ትምህርት ቤት ነባሩ መምህር ክፍሉን አስረክቦን ወደ ሻይ ቤት ይሄድ ነበር። ሊገመግመኝ የመጣው የዩኒቨርሲቲ መምህር ከኋላ ተቀምጦ ቅጽ ሞላና ወጣ፤ ምን እንዳበላሸሁ አልነገረኝም። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የጽሑፍ ፈተና የሚመጣው። ለምዘናው የሚቀርበውን ማህደረ ተግባር፣ ማለትም የሥራ ማስረጃ ስብስቡንም፣ ከጓደኛው ገልብጦ ያስገባ አውቃለሁ።

ፈተናው ይቅር አላልኩም። አሰልጥኖ የላከን ተቋምስ ለምን አይመዘንም? በአሜሪካ ሁለት ነባር አካላት ተዋህደው በ2013 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ካኤፕ የሚባል አካል አለ። የሚመዝነው መምህሩን ሳይሆን ያሰለጠነውን ኮሌጅ ነው፤ ተመራቂዎችህ ክፍል ከገቡ በኋላ ተማሪዎቻቸው ምን ተማሩ ብሎ ማስረጃ ይጠይቃል።

ጡረተኛ ርዕሰ መምህር፦ ልጄ፣ እውነትህን ነው። ከ10ኛ ክፍል በኋላ አንድ ዓመት ይሰልጥን ብለን 10+1 አልን፣ ሦስት ዓመት ብለን 10+3 አልን፣ ቴሶ የተባለው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ መጣ፣ ፒጂዲቲ መጣ፤ ሁሉም ስለ መምህሩ ነው። እኔ ርዕሰ መምህር የተደረግሁት ጎበዝ የሒሳብ አስተማሪ ስለነበርሁ ነው። በማግሥቱ በጀት፣ ግዥ፣ የወላጅ ስሞታ፣ ስብሰባ። ጀማሪ መምህር ክፍል ገብቶ ማየትና ማረም የሥራዬ ዋናው ክፍል መሆን ነበረበት፤ እንዴት እንደሚደረግ ግን ያስተማረኝ የለም። አመራሩ ሳይሰለጥን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ የምንለው ነገር ፋይል ከመሙላት አያልፍም።

የትምህርት ቤት አማካሪ፦ ስለ እኛም አንድ ነገር ልበል። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማህበር ለ250 ተማሪ አንድ አማካሪ እንዲመደብ ይመክራል። እኔ ለግቢው በሙሉ አንድ ነኝ፤ ለዚያውም አርፋጅ ስመዘግብና የፈተና ወረቀት ሳባዛ ነው የምውለው። የሳይኮሎጂ ዲግሪ አለኝ፤ በባለሙያ ክትትል ሥር ሆኜ አንድም ልጅ ሳላማክር ነው የተመረቅሁት። አንዲት ተማሪ ቤት ውስጥ እንደምትደበደብ ስትነግረኝ፣ በቅድሚያ ለማን እንደማሳውቅ የሚል የተጻፈ መመሪያ በእጄ አልነበረም። እኔን በምን መስፈርት ነው የምትመዝኑኝ?

የፒያሳ እናት፦ ይሄስ አስደነገጠኝ። ስለ አማካሪ ጠይቄም አላውቅ። ግን መምህር፣ ልጄ 7ኛ ክፍል ናት፤ ኮሌጁ እስኪስተካከል ቁጭ ብላ አትጠብቅም። ምዘናውን የወደቀው መምህር በመስከረም የት ይሁን?

መምህር ከአራት ኪሎ፦ ክፍል ይቆይ፤ ብቻውን ግን አይሁን። ለአንድ ዓመት ነባር መምህር ይመደብለት፣ ለነባሩም ክፍለ ጊዜ ይቀነስለት። በዓመቱ ካልተሻሻለ ይውጣ፤ ይህን በማለቴ ባልደረቦቼ እንደሚቀየሙኝ አውቃለሁ። ደግሞም ውጤት ሲወጣ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ ስንት ተፈትኖ ስንት እንዳለፈ በይፋ ይለጠፍ።

ጡረተኛ ርዕሰ መምህር፦ የርዕሳነ መምህራኑም አብሮ ይለጠፍ። ነባሩ መምህር የሚተወውን ክፍለ ጊዜ የሚሸፍን ሌላ መምህር ግን ይቀጠር፤ በጀቱ ካልተያዘ ሸክሙ ተመልሶ እዚያው ነባሩ ላይ ነው የሚወድቀው። ለሚቀጥለው የወላጅና መምህር ስብሰባ ከክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰው እንጥራና ይህን እንጠይቅ።