«ሲር ሲር» የሚለውን ጥያቄ እንዴት ልጠይቅ?

ለመመረቂያ ጽሑፌ በጎጃም ገጠር ሕፃናት ላይ የአስምን መንስኤ እያጠናሁ ነው። መነሻዬ በ1997 እና በ2001 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተሙት የጅማ ጥናቶች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል ያለባቸው ሰዎች ሲተነፍሱ ደረታቸው ሲር ሲር የማለት (ይህም የአስም ምልክት ነው) ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። የተቸገርሁት በመጠይቁ ነው። «ባለፉት 12 ወራት ልጅዎ ሲተነፍስ ደረቱ ሲር ሲር ብሎ ያውቃል?» ብዬ ስጠይቅ፣ አንዲት እናት የልጃቸውን የተዘጋ አፍንጫ እየጠቆሙ «አዎ፣ ጉንፋን ሲይዘው» አሉኝ፤ ሌሎችም እንዲሁ። በእንዲህ ያለ መልስ ላይ የሚቆም ትንተና፣ በእኔ እምነት፣ ዋጋ የለውም። ድምፁን በስልክ ቀድቶ ማሰማት ይሻላል ወይስ የተሻለ አማርኛ አለ? በመስኩ የሠራችሁ ባለሙያዎች ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።